ወደ ሌላ ግዛት ሲሸጡ የሽያጭ ታክሱን ማን ይሰብስብልዎ? አራቱን መንገዶች ለሚያመዛዝን አነስተኛ ነጋዴ

አሜሪካ ውስጥ ከቤታቸው ወይም ከትንሽ ሱቃቸው ሆነው በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቡና፣ ጀበና፣ ነጠላና የሀበሻ ቀሚስ በኢንተርኔት የሚሸጡ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። አብዛኞቹ የሚኖሩበትን ግዛት የሽያጭ ታክስ ጠንቅቀው ያውቃሉ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ነጋዴ የሜሪላንድ 6 በመቶ መሆኑን፣ አሌክሳንድሪያ ያለችው ደግሞ የሰሜን ቨርጂኒያው 6 በመቶ፣ ለአስቤዛ ግን 1 በመቶ ብቻ መሆኑን ለመናገር ወረቀት አያገላብጡም። ግራ መጋባቱ የሚመጣው ዕቃው ወሰን ተሻግሮ ወደ አትላንታ፣ ወደ ዳላስ ወይም ወደ ሚኒያፖሊስ ሲላክ ነው። አንዱ «ለሌላ ግዛት ሲላክ ታክስ የለም» ይላል፤ ሌላው «በሃምሳውም ግዛት ካልተመዘገብክ ትቀጣለህ» ብሎ ያስፈራራል። ሁለቱም ተሳስተዋል፤ ሁለቱም ስህተቶች ደግሞ ገንዘብ ያስከፍላሉ።

ከዚህ በታች አራት መንገዶችን አነጻጽራለሁ፦ በአማዞንና በኤትሲ ዓይነት የገበያ መድረክ መሸጥ፣ በራስ እጅ ተመዝግቦ ማሳወቅ፣ ሶፍትዌር መግዛት ወይም የሂሳብ ባለሙያ መያዝ፣ በመጨረሻም ብዙዎቻችን ያልሰማነው የ24 ግዛቶች የጋራ ምዝገባ። ሰዎች እነዚህን ሲያነጻጽሩ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ወርሃዊ ክፍያው ስንት ነው?» ብለው ነው። በእኔ እምነት መቅደም ያለበት ጥያቄ ስህተት ሲገኝ ከማን ኪስ ይከፈላል የሚለው ነው።

ግዴታው ከየት መጣ

«ለሌላ ግዛት ታክስ የለም» የሚለው አባባል በአንድ ወቅት እውነትነት ነበረው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1967፣ ቀጥሎም በ1992 በኩዊል ጉዳይ በሰጠው ፍርድ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አንድ ግዛት ታክስ ሰብስብ ብሎ ማዘዝ የሚችለው በግዛቱ ውስጥ ሱቅ፣ መጋዘን ወይም ሠራተኛ ያለውን ነጋዴ ብቻ ነው ብሎ ነበር። ከዚያ ውጭ ያለው ሂሳብ የሚወድቀው በገዢው ላይ ነበር። ዩዝ ታክስ ይባላል፤ ገዢው ያልተከፈለበትን ዕቃ ራሱ አስልቶ ለግዛቱ መክፈል አለበት። ግዴታው ዛሬም አለ። የኒው ዮርክ የገቢ ግብር ቅጽ ለምሳሌ ይህን የሚጠይቅ መስመር አለው፤ ባዶ መተውም አይቻልም። ይሁንና ይህን የሚከፍል ሰው ጥቂት በመሆኑ፣ የኢንተርኔት ንግድ ሲስፋፋ የግዛቶች ካዝና ተጎዳ።

የገቢ ግብር የሌላትና በሽያጭ ታክስ ላይ የተመሠረተችው ደቡብ ዳኮታ በ2016 ሕግ አወጣች፤ የኢንተርኔት ሻጮቹን ዌይፌርን፣ ኦቨርስቶክንና ኒውኤግን ከሰሰች፤ ጁን 21 ቀን 2018 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ለእርሷ ፈረደ። ከዚያ በኋላ የሽያጭ ታክስ ያላቸው ግዛቶች ሁሉ ተከታትለው ተመሳሳይ ሕግ አወጡ፤ የመጨረሻዋ ሚዙሪ በ2023 መጀመሪያ ላይ ገባች። ኦሪገን፣ ሞንታና፣ ኒው ሃምፕሻየርና ዴላዌር የሽያጭ ታክስ የላቸውም። አላስካም በግዛት ደረጃ የላትም፤ ከተሞቿ ግን ይሰበስባሉ።

ከመምረጥዎ በፊት፦ ግዴታው ደርሶብዎታል?

የደቡብ ዳኮታ ሕግ ገደብ ነበረው፦ በዓመት ከ100,000 ዶላር በላይ ሽያጭ ወይም 200 ግብይት። ፍርድ ቤቱም ይህ ገደብ ትናንሽ ነጋዴዎችን በመጠኑ ይጠብቃል ብሎ በመልካም አየው። ብዙ ግዛቶች ገደቡን እንዳለ ገለበጡት። የሚገርመው ደቡብ ዳኮታ ራሷ በ2023 የ200ውን ግብይት ሰርዛለች፤ ኢንዲያና፣ ሰሜን ካሮላይናና ዩታም ተከትለዋታል። ጆርጂያ፣ ሚኒሶታ፣ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ኒው ጀርሲ ግን በቁጥሩ የጸኑ ናቸው።

እዚህ ላይ ቆም ብለው ያስቡ፤ የእኛ ሰው የሚወድቀው በዚህ ጉድጓድ ነውና። ቨርጂኒያ ተቀምጠው አትላንታና አካባቢዋ ላሉ ደንበኞች በርበሬ ይልካሉ እንበል፤ የአንዱ ጥቅል ዋጋ 30 ዶላር ነው። በዓመት 200 ጥቅል ማለት በሳምንት አራት እንኳ አይሞላም። ሽያጩ በጠቅላላው 6,000 ዶላር ነው። የጆርጂያ ሕግ ግን 200ኛው ጥቅል እንደተላከ ግዴታው ደርሶብዎታል ይላል። በአንጻሩ በዓመት 40 ቀሚስ በ300 ዶላር የሚሸጥ ሰው 12,000 ዶላር ሸጦም አይነካም። ስለዚህ ርካሽ ዕቃ በብዛት የሚልክ ሰው ከዶላሩ በፊት የጥቅሉን ቁጥር ይቁጠር።

ካሊፎርኒያና ቴክሳስ ለአነስተኛ ነጋዴ የሚመቹ ናቸው፤ ገደባቸው 500,000 ዶላር ነው። ኒው ዮርክ ደግሞ ከ500,000 ዶላር በላይ ሽያጭና ከ100 በላይ ግብይት በአንድነት ሲሟሉ ብቻ ነው የምትጠይቀው። ዋሽንግተን፣ ኮሎራዶና ፔንሲልቬንያ በ100,000 ዶላር ይቆማሉ፤ የግብይት ቁጥር አይቆጥሩም።

ገደቡ የሚያገለግለው በግዛቱ ውስጥ አካላዊ መገኘት ለሌለው ሰው ነው። የ2018ቱ ፍርድ አዲስ በር ከፈተ እንጂ አሮጌውን በር አልዘጋም። ዕቃዎን በአማዞን መጋዘን ካስቀመጡ፣ መጋዘኑ ያለበት ግዛት በብዙ ቦታ እንደ ነዋሪ ነጋዴ ያይዎታል፤ በአማዞን በኩል የተሸጠውን አማዞን ቢሰበስብም፣ በራስዎ ድረ ገጽ ወደዚያው ግዛት የላኩት ግን ከመጀመሪያው ዶላር ጀምሮ ይመለከትዎታል። በየዓመቱ በጁላይ መጀመሪያ በተለያየ ከተማ በሚደረገው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ዝግጅት ላይ ድንኳን ተክሎ የሚሸጥ ነጋዴም እንዲሁ ነው። ለእነዚያ ቀናት በግዛቱ ውስጥ ነዎት፤ ጊዜያዊ የሽያጭ ታክስ ፈቃድ አውጥተው ከመጀመሪያዋ ነጠላ ጀምረው መሰብሰብ አለብዎ።

ግዴታው ያልደረሰብዎት ግዛት ላይ ምን ያድርጉ? ምንም። አይመዝገቡ፣ ታክስም አያስከፍሉ። ፈቃድ ሳይኖር «ለጥንቃቄ» ብሎ ከደንበኛ ታክስ መቀበል ራሱ ሕገ ወጥ ነው። የትእዛዞችን ቁጥርና ድምር በየግዛቱ ለይቶ መያዝ ግን ያስፈልጋል፤ በየወሩ መጨረሻ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል።

ዕቃው ራሱ ታክስ አለበት ወይ?

ለቫት የለመደ ሰው አንድ ምጣኔ ለሁሉም ዕቃ ይጠብቃል። እዚህ እንደዚያ አይደለም። የታክሱ ልክ የሚወሰነው ዕቃው በሚደርስበት አድራሻ ነው፤ እያንዳንዱ ግዛት ደግሞ ዕቃዎችን በራሱ መንገድ ይመድባል።

180 ዶላር የሚሸጥ የሀበሻ ቀሚስ ይውሰዱ፤ ሻጩም በሁሉም ቦታ የመሰብሰብ ግዴታ አለበት እንበል። ሚኒሶታና ኒው ጀርሲ ልብስን ከታክስ ነጻ ስለሚያደርጉ ደንበኛዋ ምንም አትከፍልም። ዳላስ ላይ 8.25 በመቶ ነው፤ 14 ዶላር ከ85 ሳንቲም ይጨመራል። ኒው ዮርክ ከተማ ውስጥ ከ110 ዶላር በታች የሆነ ልብስ ነጻ ነው፤ ቀሚሱ ያንን ስለሚያልፍ በሙሉ ዋጋው ላይ 8.875 በመቶ ይታሰባል፤ 15 ዶላር ከ98 ሳንቲም። ማሳቹሴትስ ደግሞ እስከ 175 ዶላር ነጻ አድርጋ፣ ከዚያ በላይ ባለችው በአምስቷ ዶላር ላይ ብቻ 6.25 በመቶ ትወስዳለች፤ 31 ሳንቲም። አንድ ቀሚስ፣ አራት መልስ። የ60 ዶላር ነጠላ ግን ለኒው ዮርኳ ደንበኛ ያለ ታክስ ይላካል።

በርበሬ፣ ሽሮና ያልፈላ ቡና እንደ አስቤዛ ስለሚቆጠሩ በካሊፎርኒያ፣ በቴክሳስ፣ በኒው ዮርክና በሚኒሶታ ነጻ ናቸው። ጆርጂያ የግዛቱን 4 በመቶ ትታ የካውንቲውን ታስከፍላለች። ጀበና፣ ሲኒና ዕጣን የሽያጭ ታክስ ባለበት ግዛት ሁሉ እንደ ተራ ዕቃ ታክስ አለባቸው። የመላኪያ ሂሳብም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ የመላኪያውን ዋጋ በደረሰኙ ላይ ለብቻው ከጻፉት ነጻ ያደርጉታል፤ ከማሸጊያና ከአያያዝ ክፍያ ጋር አንድ ላይ ከደመሩት ግን ታክስ ውስጥ ይገባል። አንዲት መስመር ለይቶ መጻፍ ለደንበኛ ገንዘብ ታተርፋለች።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት የሚመርጡት መንገድ ይህን ልዩነት በትክክል መያዝ ስላለበት ነው።

አንደኛው መንገድ፦ የገበያ መድረክ

የሽያጭ ታክስ ያላቸው ግዛቶች ሁሉ አማዞንን፣ ኤትሲን፣ ኢቤይንና ዋልማርትን የመሳሰሉ መድረኮች በእነርሱ በኩል በተሸጠው ሁሉ ላይ ራሳቸው ታክሱን እንዲሰበስቡና እንዲከፍሉ ያስገድዳሉ። ከደንበኛ ይቀበላሉ፣ ለግዛቱ ይልካሉ፤ ኦዲት ቢመጣ የሚጠየቁት እነርሱ ናቸው። ከተጠያቂነት አንጻር ከአራቱ ሁሉ የሚያሳርፈው ይህ ነው። አንድ ቀዳዳ አለው፦ ጀበናውን በስህተት በምግብ ክፍል ካስመዘገቡት፣ በተሳሳተ መረጃ የቀረው ታክስ ወደ እርስዎ ሊመለስ ይችላል።

ዋጋው ግን ቀላል አይደለም። ኤትሲ ከእያንዳንዱ ሽያጭ 6.5 በመቶ፣ ለእያንዳንዱ ዕቃ ማስመዝገቢያ 20 ሳንቲም፣ ከዚያም የክፍያ ማስተናገጃ ይወስዳል። አማዞን በብዙ የዕቃ ዓይነቶች 15 በመቶ ድረስ ይቆርጣል። በዓመት 30,000 ዶላር በኤትሲ የሚሸጥ ሰው በ6.5 በመቶው ብቻ 1,950 ዶላር ይከፍላል። ክፍያው የሚቆረጠው ታክስ ከሌለበት በርበሬም፣ ግዴታ ከሌለብዎት ግዛትም ጭምር ነው። ስለዚህ መድረኩን ለታክስ ብቻ ብሎ መምረጥ ኪሳራ ነው፤ አዲስ ደንበኛ የሚያመጣልዎ ከሆነ ግን ታክሱ እንደ ምርቃት ይቆጠራል።

አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብ። በቲክቶክ ሱቅ በኩል የተከፈለ ሽያጭ የመድረክ ሽያጭ ነው፤ ታክሱ በእነርሱ በኩል ይሄዳል። በቲክቶክ ወይም በፌስቡክ ቀጥታ ስርጭት ቀሚሱን አሳይቶ ገንዘቡን በዜል የሚቀበል ሰው ግን በመድረክ አልሸጠም። ማንም አይሰበስብለትም። እያንዳንዱ የዜል ክፍያ እንደ ራስዎ ሽያጭ ይቆጠራል፤ ከ200ው ግብይት ውስጥም ይገባል።

ሁለተኛው፦ በራስ እጅ

በአብዛኞቹ ግዛቶች ምዝገባው በነጻ ነው፤ በግብር ቢሮው ድረ ገጽ ይከናወናል። በሰዓቱ ለሚያሳውቅ ነጋዴ ጥቂት የሚመልሱም አሉ፤ ጆርጂያ ከመጀመሪያው 3,000 ዶላር ታክስ ላይ 3 በመቶውን ለሻጩ ትተዋለች።

ሥራው ያለው ከምዝገባ በኋላ ነው። ግዛቱ በወር፣ በሩብ ዓመት ወይም በዓመት እንዲያሳውቁ ይወስናል፤ ምንም ባይሸጡም «ዜሮ» ብለው ማሳወቅ ግዴታ ነው። ቴክሳስ የተመዘገበ ነጋዴ የሚከፈል ታክስ ባይኖርበት እንኳ ማስታወቂያውን (ለግዛቱ የሚያስገባውን የታክስ ቅጽ) ካዘገየ 50 ዶላር ይቀጣል። ስህተቱ ሁሉ የእርስዎ ነው፤ የከተማና የካውንቲ ምጣኔ ተቀይሮ ሳያውቁ ከቀሩ ልዩነቱን ከኪስዎ ይሞላሉ። ለራስዎ ግዛትና ለአንድ ወይም ለሁለት ተጨማሪ ግዛቶች ይህ መንገድ ይበቃል ባይ ነኝ። ከዚያ ሲያልፍ የመክፈያ ቀናቱ ይደራረባሉ፤ ንግዱን በሚያውቅ ሰው ላይ የጸሐፊ ሥራ ይጫናል።

ሦስተኛው፦ ሶፍትዌር ወይም የሂሳብ ባለሙያ

ሾፒፋይን በመሰለ አገልግሎት የራሳቸውን ድረ ገጽ የከፈቱ ብዙዎች «ድረ ገጹ ታክሱን ይሠራዋል» ብለው ያምናሉ። ማስላት፣ መሰብሰብ፣ ማሳወቅና መክፈል ግን አራት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ድረ ገጹ እርስዎ በፈቀዱለት ግዛት ላይ ያሰላል፣ ከደንበኛው ይቀበላል፤ ገንዘቡ ግን የሚገባው ወደ እርስዎ የባንክ ሂሳብ ነው። ለማሳወቁ ለብቻው ካልከፈሉ ማንም አይልክልዎትም። በሂሳብዎ ውስጥ የተቀመጠው ያ ገንዘብ የእርስዎ አይደለም፤ የግዛቱ አደራ ነው። ይህን ገንዘብ በልቶ ለግዛቱ ያላስረከበ ሰው በግሉ ይጠየቃል፤ ኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት) ማቋቋሙ ከዚህ አያድነውም።

አገልግሎት ሲገዙ ሻጩን ይህን ይጠይቁት፦ ክፍያው በግዛት ነው፣ በትእዛዝ ነው ወይስ በማስታወቂያ? ዜሮ ማስታወቂያም ያስከፍላል? ያሰላው ምጣኔ ቢሳሳት ቅጣቱን ማን ይከፍላል? ለመጨረሻው ጥያቄ አብዛኞቹ ውል ላይ የተጻፈ አጥጋቢ መልስ የላቸውም።

የሂሳብ ባለሙያን በተመለከተ፣ የገቢ ግብር የሚሠራልዎ ሰው ሁሉ የብዙ ግዛቶችን የሽያጭ ታክስ አያውቅም። በግልጽ ይጠይቁ፤ አላውቅም ቢልዎ ያክብሩት።

አራተኛው፦ የ24 ግዛቶች የጋራ ምዝገባ

ይህን ክፍል ለማንበብ ጊዜ ይስጡ፤ ለእኛ ነጋዴዎች ሊጠቅም ሲችል ብዙም አይነገርለትም። ስትሪምላይንድ ሴልስ ታክስ በሚባል ስምምነት 24 ግዛቶች ሕጋቸውንና የዕቃ አመዳደባቸውን አቀራርበዋል። በአንድ ማመልከቻ፣ ያለ ክፍያ፣ በፈለጉት አባል ግዛት ይመዘገባሉ።

ትልቁ ጥቅም ቀጥሎ ያለው ነው። ስምምነቱ ያጸደቃቸው ድርጅቶች ማስላቱን፣ ማሳወቁንና መክፈሉን ይሠሩልዎታል፤ በግዛቱ ውስጥ ቋሚ የሥራ ቦታ፣ ሠራተኛና ብዙ ንብረት ከሌለዎት ደግሞ ለዚያ ግዛት የሚገባቸውን ክፍያ ግዛቱ ከታክሱ ላይ ይከፍላቸዋል እንጂ እርስዎ አይከፍሉም። ስለ ዕቃዎ ትክክለኛ መረጃ ሰጥተው ስሌቱ ቢሳሳት የሚጠየቀው ድርጅቱ ነው። ከገበያ መድረክ ውጭ ሸክሙን ከትከሻዎ የሚያነሳ መንገድ ይህ ብቻ ነው።

ከአባላቱ መካከል ሚኒሶታ፣ ዋሽንግተን፣ ጆርጂያ፣ ኦሃዮና ኔቫዳ አሉ። የሚኒያፖሊስ፣ የሲያትል፣ የአትላንታ፣ የኮለምበስና የላስ ቬጋስ ኢትዮጵያውያን ደንበኞችዎ እዚህ ውስጥ ገቡ ማለት ነው። ካሊፎርኒያ፣ ቴክሳስ፣ ኒው ዮርክ፣ ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ኮሎራዶ ግን አባል አይደሉም። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ገደባቸው ከፍ ያለ ስለሆነ አነስተኛ ነጋዴን ብዙም አያስጨንቁም። ጉድለቱ፣ በተመዘገቡበት ግዛት ሁሉ ከገደብ በታች ቢሆኑም መሰብሰብ መጀመርዎ ነው። ስለዚህ ግዴታው በደረሰበት ወይም ሊደርስ በተቃረበበት ግዛት ብቻ ይመዝገቡ።

እኔ ብሆን

ቀሚስና ነጠላ በጥቂቱ የሚሸጥ፣ በየትኛውም ግዛት 200 ትእዛዝ የማይደርስ ሰው በራሱ ግዛት ብቻ በራሱ እጅ ያሳውቅ፤ ሌላውን ይቁጠር፣ ገንዘቡን አያባክን። በርበሬና ቡና በብዛት ወደ አትላንታና ሚኒያፖሊስ የሚልክ ሰው 150ኛው ጥቅል ላይ ሲደርስ ወደ ጋራ ምዝገባው ይሂድ። አዲስ ደንበኛ ፈላጊው በመድረክ ይጀምር፤ የቆዩ ደንበኞቹን ግን ወደ ራሱ ድረ ገጽ ቀስ በቀስ ያምጣ። ከአባል ግዛቶች ውጭ በብዙ ቦታ ገደብ ያለፈ ንግድ ብቻ ነው ሶፍትዌር ወይም ባለሙያ መያዝ የሚገባው፤ ያን ያህል የሸጠ ሰው ክፍያው አይከብደውም።

ጊዜው ላለፈበት

ገደቡን ካለፉ ዓመታት ሆነው ዛሬ የሰሙ ይኖራሉ። ዝም ብሎ ዛሬ መመዝገብ ለችኩል ሰው ቀና መንገድ ይመስላል፤ ነገር ግን የምዝገባ ቅጹ ሽያጭ የጀመሩበትን ቀን ይጠይቃል፤ ማስታወቂያ ቀርቦ በማያውቅበት ጊዜ ደግሞ ግዛቱ ወደ ኋላ ለመጠየቅ የዓመት ገደብ የለበትም። ግዛቶቹ ራሳቸው ለቀረበ ሰው የፈቃደኝነት ስምምነት አላቸው፦ በአብዛኛው የሦስት ወይም የአራት ዓመት ታክስ ከወለዱ ጋር ይቀበላሉ፣ ቅጣቱን ይተዋሉ። መልቲስቴት ታክስ ኮሚሽን የተባለው የግዛቶች ማኅበር በአንድ ማመልከቻ ለብዙ ግዛቶች ያቀርብልዎታል፤ አገልግሎቱን በነጻ ይሰጣል።

ሁለት ነገሮች ግን ይህን በር ይዘጋሉ። ግዛቱ አስቀድሞ ደብዳቤ ከጻፈልዎ ፈቃደኝነትዎ አይቆጠርም። ከደንበኛ ታክስ ብለው ተቀብለው በእጅዎ ያስቀሩት ገንዘብ ካለ ደግሞ የሦስት ዓመቱ ወሰን አይሠራለትም፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሳንቲም ሳይጎድል መመለስ አለበት። እንዲህ ያለ ሂሳብ ያለበት ሰው ማመልከቻውን ከመሙላቱ በፊት የታክስ ጠበቃ ያማክር።